ጦርነት ሲታወጅ «ከዚያስ በኋላ?» ብሎ የሚጠይቅ ማነው? የኢራቅ ነገርና የእኛ ወሎ

የሆጤው መምህር (ደሴ)፦ ማክሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ ክፍል ውስጥ ኢራቅ ላይ ደርሰን ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ መሣሪያው ከሌለ ታዲያ ለምን ገቡ?» አለኝ። እሱን መለስኩለት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ቀበል አድርጋ «ከገቡስ በኋላ ምን ሊያደርጉ ነበር ያሰቡት?» አለች። ደወሉ ተደወለና ወጣን። የእሷ ጥያቄ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ዘመኑን ለማያስታውሱ ባጭሩ ላስቀምጠው። የኢራቁን ቀን በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛው ነው የምጽፈው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ጸጥታው ምክር ቤት ቀረቡ። የሳተላይት ፎቶ አሳዩ። የተጠለፈ የስልክ ንግግር አሰሙ። ሳዳም ሁሴን የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ደብቋል አሉ። በመኪና ላይ የሚዞር ላቦራቶሪ አለው የተባለው በዋናነት ጀርመን በተጠለለ አንድ ኢራቃዊ ቃል ላይ ቆሞ ነበር። ሰውየው ከዓመታት በኋላ እንደዋሸ ራሱ አመነ። ማርች 20 ጦርነቱ ተጀመረ። ኤፕሪል 9 ባግዳድ ወደቀች። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አሜሪካ ራሷ የላከችው የመርማሪ ቡድን በ2004 የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ የተባለው የመሣሪያ ክምችት የለም አለ።

ይህን ሳነብ ለእኔ ትዝ የሚለኝ ውጫሌ ነው። ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፏት ውጫሌ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው የእኛ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ነው የሚለው። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ሮማ በዚያች ቃል ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አወጀች። መጨረሻው ዓድዋ ነው። አንድ መንግሥት ለመዝመት ከወሰነ ወረቀት አያጣም። ይህን የወሎ ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። የአሜሪካ ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ጀነራል ኤሪክ ሺንሴኪ ጦርነቱ ሊጀመር ወር ሳይሞላ ሴኔት ፊት ተጠየቁ። ኢራቅን ከድል በኋላ ጸጥ አድርጎ ለመያዝ ስንት ወታደር ያስፈልጋል? ብዙ መቶ ሺህ አሉ። በሁለተኛው ቀን የመከላከያ ምክትል ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግምቱ ከእውነት የራቀ ነው ብለው በይፋ አጣጣሉት። ከዚያ በፊት የቤተ መንግሥቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ሎውረንስ ሊንድሲ ወጪው ከ100 እስከ 200 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ብሎ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ከቦታው ተነሳ።

አያችሁ ነገሩን? እቅድ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ውስጥ ከ2002 ጀምሮ ኢራቃውያንን ሰብስቦ የነገዋን ኢራቅ የሚያጠና ፕሮጀክት ነበር። ብዙ ቅጽ ጽፈዋል። የሚሰማቸው ነው የጠፋው። ምክንያቱ ደግሞ ለእኔ ግልጽ ነው። ማግስቱን በሐቅ ያቀደ ሰው ዋጋውን መናገር ይኖርበታል። ዋጋው ከተነገረ ሕዝቡ «ምክንያቱ ለዚህ ሁሉ ይበቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ምክንያቱን ያጋነነ መንግሥት ማግስቱን አያቅድም። ማቀድ ራሱ ያጋልጠዋልና።

ያው እነዚሁ አሜሪካኖች ለጀርመን እንዲህ አላደረጉም። ጀርመን የተሸነፈችው በ1945 ነው። ከተማ እንዴት እንደሚተዳደር፣ ውኃና ዳቦ እንዴት እንደሚቀርብ ለመኮንኖቻቸው የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቨርጂኒያ ውስጥ የከፈቱት ግን በ1942 ነው። ሦስት ዓመት ቀድመው። ለኢራቅ ማግስት የተሰየመው የጡረተኛው አሜሪካዊ ጀነራል የጄይ ጋርነር ቢሮ የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ነበር።

እናንተ ምን ትላላችሁ? ደሴና ኮምቦልቻ፣ ወልድያና ቆቦ በእኛው 2014 በጦርነቱ ያየነው ስላለ ነው እዚህ ቤት ያመጣሁት።

ሐርቡ ኩዌት፦ ማክሰኞ ማታ 3፡05

መምህር፣ አላህ ይስጥህ። እኔ ያኔ ኩዌት ነበርኩ። ሰው ቤት ነበር የምሠራው።

ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ባባ ሰፊ ላስቲክና ፕላስተር ገዝቶ መጣ። አንዱን ክፍል ከነመስኮቱ ከነበሩ ሥር ለበጥነው። እኔ ነኝ ወንበር ላይ ቆሜ የለጠፍኩት። ሳዳም ጋዝ ይለቅብናል ተብሎ ነበር። ለቤተሰቡ የጋዝ ጭንብል መጣ። አምስት ነበሩ፣ አምስት ጭንብል። ለእኔ ማዳም ፎጣ ውኃ ነክራ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የጮኸው ሳይረን መቼም ከጆሮዬ አይወጣም። ሁላችን እዚያ ክፍል ገባን። ትንሹ ልጅ ጭንብሉን አጥልቆ እኔን አየኝና «የእሷስ?» ብሎ እናቱን ጠየቃት። ዝም አለች። ወላሂ የዚያን ልጅ ዓይን አልረሳውም።

በኋላ ነው የሰማሁት። የተባለው መሣሪያ የለም ተባለ። እኔ ግን በዚያ እርጥብ ፎጣ ውስጥ ሸሃዳዬን ይዤ ነበር። ሚሳይሉ እውነት ነበር፣ ከኢራቅ ይተኮስ ነበር። ጋዙ ነው ያልነበረው። ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦ ማክሰኞ ማታ 3፡40

እህት ዓለም፣ አብሽሪ። ዛሬ በሰላም መጻፍሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ስለ መሐሏ ቀን ልናገር። አንዱ ኃይል ወጥቶ ሌላው ሳይገባ ያለችው ቀን። መምህር የባግዳድን ሙዚየም አላነሳኸውም። ከተማዋ እንደወደቀች በሚቀጥሉት ቀናት ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ። ወደ 15,000 የሚጠጋ ቅርስ ወጣ። ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የነዳጅ ሚኒስቴሩ በር ላይ ግን የአሜሪካ ታንክ ቆሞ ነበር። እንግዲህ ምን እንደታቀደና ምን እንዳልታቀደ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ኮምቦልቻም የመሐል ቀን አልፎባታል። ከሥራ ቦታዬ አጥር ማዶ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ የክር ጥቅል ተሸክሞ ወጣ። ስድስት ይሁን ሰባት በገመድ አስሮ። ይህ ሰው ሌባ አይደለም። ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። «እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ክሩን ምን እንደሚያደርገው ራሱም አያውቅም ነበር። እስከዛሬ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

ይሄ የሆነው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የዚያን ቀን የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ አንድ ፖሊስ፣ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ አልተመደበም። እርዳታውም በዚያ ሳቢያ ነው የተስተጓጎለው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኑ ተዘርፎበት በደሴና በኮምቦልቻ እህል ማደል ያቆመው በዚያው በ2014 ኅዳር ማለቂያ ነው።

ሕግ ተማሪው፦ ማክሰኞ ማታ 4፡10

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በአንድ ነገር አልስማማም። ሳዳም መልአክ አልነበረም። በፈረንጅ 1988 ሐለብጃ በምትባል የኩርድ ከተማ ላይ በአንድ ቀን እስከ 5,000 ኩርድ በጋዝ ፈጅቷል። ያኔ መሣሪያው ነበረው። ኩርዶች ሲወድቅ ደስ ብሏቸዋል። ምክንያት ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም።

የእኛም እንዲሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት ተፈጽሟል። የትኛውም መንግሥት ቢሆን ዝም አይልም። ኢራቅን ከእኛ ጋር በአንድ ገመድ ማሰር ልክ አይመስለኝም።

የሆጤው መምህር፦ ማክሰኞ ማታ 4፡35

ወንድሜ፣ ጥሩ አነሳህ። እኔም አንድ ናቸው አላልኩም። ሐለብጃ እውነት ነው። ለ2003ቱ ጦርነት ግን በዋናነት የቀረበው ምክንያት ያ አልነበረም። ሐለብጃ ሲፈጸም አሜሪካና እንግሊዝ ከሳዳም ጋር ግንኙነታቸውን አላቋረጡም።

የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ ማግስቱን አያስቀርም። የእኛን እንይ። መንግሥት ነገሩን «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ራሱ አጭር ነው፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ይመስላል። ኅዳር 19 ቀን 2013 መቐለ ተያዘች፣ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2014 መጨረሻ፣ ጦርነቱ እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነበር። ደሴ ነፃ ወጣች የተባለው ኅዳር 27 ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015። ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት የሚመልሰው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። ከመጀመሪያው ጥይት ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ተጠናቀቀ ሲባል «ቀጥሎስ?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? እኔ አልጠየቅኩም። ተማሪዎቼን አሰልፌ አጨብጭቤያለሁ። ይቆጨኛል።

አወያይ፦ ማክሰኞ ማታ 4፡50

ወዳጆች፣ ውይይቱ ደስ ይላል። ብሔርን የሚነካ ሁለት መልእክት አንስቻለሁ። በተባለው ላይ እንቆይ።

እናትና ነርስ (ደሴ)፦ ረቡዕ ጠዋት 1፡30

የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ አሁን ነው ያነበብኩት።

እኛ ከደብረ ብርሃን የተመለስነው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የምሠራበት ሆስፒታል ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ማዋለጃ ክፍል ነው። የሕፃናት ማሞቂያው አለ፤ ሽቦው ግን በቢላዋ ተቆርጧል። አልጋው አለ፣ ፍራሹ የለም። የሕፃን መመዘኛው የለም። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ከተንታ በኩል በቃሬዛ መጣች። በስልክ መብራት አዋለድናት። ልጁ ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ነበረብን፤ ያለጊዜው የመጣ ይመስል ነበር። ጽዳት ሠራተኛችን ሮጣ ሄዳ ከሰኞ ገበያ የሽንኩርት ሚዛን ተውሳ መጣች። ልጁን በነጠላ አስረን በመንጠቆው ሰቀልነው። 1 ኪሎ ከ900። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩት፣ በደብተር ወረቀት ላይ፤ መዝገቡም ተቀዶ ነበርና።

ቴሌቪዥን ላይ የዚያን ሰሞን ዘፈን ነበር። ድል ነበር። በእርግጥ ቤታችን ገብተናል፣ አላህም እግዜርም ይመስገን። ግን ሚዛኑ የመጣው ከብዙ ወር በኋላ ነው። ያውም በዘመድ፣ ውጭ ያሉ ልጆች አዋጥተው። «ደሴ ስትያዝ ወይም ስትለቀቅ ማዋለጃ ክፍሉ በስንተኛው ቀን ሥራ ይጀምራል?» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት የትኛውም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የነበረ አይመስለኝም።

ልጁ አድጓል። አልፎ አልፎ እናቱ ታመጣዋለች።

ጦሳ ሥር (ጡረተኛ)፦ ረቡዕ ቀን 6፡15

ልጆቼ፣ እንዲህ ተከባብራችሁ ስትነጋገሩ ማየት ደስ ይላል።

መምህር ሁለቱን ትእዛዞች አልነገራችሁም። ጋርነር ብዙም ሳይቆይ ተነስቶ ፖል ብሬመር የሚባል ሰው ባግዳድ ገባ። ሜይ 16 ቀን 2003 በመጀመሪያው ትእዛዝ የሳዳምን ፓርቲ፣ የባዝን፣ ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ አባረረ። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ለእንጀራው ሲል ፓርቲ የገባው ብዙ ሰው አብሮ ሄደ። በሳምንቱ፣ ሜይ 23፣ በሁለተኛው ትእዛዝ ሠራዊቱን በተነ። ከ300,000 በላይ ወንድ። መሣሪያ የሚያውቅ፣ ልጆች ያሉት፣ ደመወዝ የሌለው። ከዚያ በኋላ የተነሳውን አመፅ ታውቁታላችሁ።

ሠራዊት ሲበተን ምን እንደሚመስል እኔ ሸዋ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ግንቦት 1983 ነው። የደርግ ወታደር በእግሩ ይጎርፍ ነበር። አንዱ ደጃችን ላይ ተቀመጠ። ጫማ የለውም። እግሩን በጆንያ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮታል። እናቴ ቆሎና ውኃ ሰጠችው። «አገርህ የት ነው ልጄ?» አለችው። «ጅማ» አለ። «በምን ልትገባ?» «በእግሬ»። ክላሹን በሁለት ዳቦ ሊሰጠን ነበር። እናቴ «ዳቦውን ውሰድ፣ ብረቱን ከዚህ አርቅልኝ» አለችው። ሌላ ቤት ግን የተቀበለ ሞልቷል። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ስንት ዓመት ደም አፈሰሰ መሰላችሁ በየገጠሩ።

ያኔም ቢሆን አንድ ነገር ተደርጓል፤ ሐቁን ልናገር። ለቀድሞው ሠራዊት ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተሰየመ፣ ካምፕ ተከቶ ስንቅ ተሰጥቶት አገሩ የገባ ብዙ ነው። ያም ባይኖር ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ሕግ ተማሪው፦ ረቡዕ ማታ 1፡45

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ትናንት የጻፍኩትን አልሰርዝም፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

እንግሊዞች ከአሜሪካ ጋር አብረው ስለገቡ በኋላ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሰብሳቢው ሰር ጆን ቺልኮት ነበሩ። ሰባት ዓመት ፈጀ። ጁላይ 2016 ሪፖርቱ ሲወጣ 12 ቅጽ ነበር። ጦርነቱ የመጨረሻ አማራጭ አልነበረም፣ የመሣሪያው ሥጋት ተገቢ ባልሆነ እርግጠኝነት ነው የቀረበው፣ ለድኅረ ጦርነቱ የተደረገው ዝግጅትም ፈጽሞ በቂ አልነበረም ይላል። 179 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል። የኢራቃውያኑ ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። የሟቾቹ ወላጆች አዳራሽ ተቀምጠው ሰሙት። የሞተ አይመለስም። ግን ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው ቀን፣ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሌላው ደግሞ ብዙዎቻችን የማናስታውሰው አለ። ዋይት ሐውስ በማርች 2003 ጦርነቱን የሚደግፉ አገሮች ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። ኤርትራም አለች። ወታደር አልላክንም፤ ስማችን ግን አለ። ያኔ ደሴ ላይ የጠየቀን ሰው ነበር? እዚህ ያለ አዋቂ የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ጦሳ ሥር (ጡረተኛ)፦ ረቡዕ ማታ 2፡00

ማንም አልጠየቀንም ልጄ። ሬዲዮ ላይ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ባለ ወፍጮው (ኩታበር)፦ ረቡዕ ማታ 2፡50

እኔ እንደ እናንተ አላነብም። ልጄ ነው ስልኩ ላይ ያሳየኝ። የምናገረውን እሱ ይጽፈዋል።

የናፍጣ ወፍጮ ነበረኝ። በብድር የገዛሁት። በዚያ ኅዳር ሞተሩን ፈትተው ጫኑት። ድንጋዩን ተዉት፣ ስለሚከብድ። ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነበር፤ የቻልነውን ሰበሰብን። ሰላም ሆነ ሲባል እህል አለ፣ የሚፈጭበት የለም። የሰፈሩ ሴቶች የአያቶቻቸውን ወፍጮና መጅ ከጓሮ እያወጡ አጠቡ። ባለቤቴ እጇ ውኃ ቋጠረ። ሃያ ዓመት የረሳችው ሥራ ነው።

አበዳሪው ተቋም ቢሮውን ሲከፍት ሄድኩ። ሞተሩ ተወስዷል አልኩ። አዘኑልኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጡ። የተዘጋንባቸውን ወራት ወለድ ቆጥረው አስቀምጠውታል። ልጅቷ እሷም ቤቷ ተዘርፏል፣ በእሷ አልፈርድም። ከላይ የመጣ ትእዛዝ የለም ነው ያለችኝ። ለኮሚቴ ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። ለቀበሌ ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ መጥተው ፎቶ አነሱ።

አሁን በትንሽ ተውሶ ሞተር እሠራለሁ። በርበሬና ሽሮ ይፈጫል። በቆሎ ሲገባበት ይታፈናል። ዕዳው ገና አላለቀም።

ስለ ኢራቅ አላውቅም። ግን መምህር ያለው ገባኝ። የጦርነቱን ምክንያት ለእኛም ነግረውናል፣ ስብሰባ ጠርተው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ስለ ወፍጮ አንድም ሰው አላነሳም። እኔም እጄን አውጥቼ አልጠየቅኩም። ማን ያስባል እንዲህ ይመጣል ብሎ?

የሆጤው መምህር፦ ረቡዕ ማታ 3፡15

አያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ይህን ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ የእርስዎን መልስ መስማት አለባት። እህቴ ነርሷ፣ ያንቺንም የሽንኩርት ሚዛን ነገር። ጊዜ ካለሽ ራስሽ ብትመጪ ደግሞ ደስታዬ ነው። አርብ አራት ሰዓት ላይ ክፍለ ጊዜ አለኝ።

እናትና ነርስ፦ ረቡዕ ማታ 3፡30

አርብ ተረኛ አይደለሁም። እመጣለሁ።

ባለ ወፍጮው፦ ረቡዕ ማታ 3፡35

ይነበብ።

ቦርከና ማዶ፦ ረቡዕ ማታ 3፡50

አያ፣ የተወሰደው ሞተር ስንት ፈረስ ጉልበት ነበር? ባለ ሦስት ፒስተን ነው ባለ ሁለት? እዚህ ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ከአሮጌ የውኃ መሳቢያ የወጣ አንድ ሞተር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ልጅዎ የመሠረቱን ስፋት በሜትር ለክቶ ይላክልኝ፤ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳም ፎቶ ያንሳው።

ባለ ወፍጮው፦ ረቡዕ ማታ 4፡05

20 ፈረስ ነበር። ባለ ሁለት ነው። ልጁ ነገ ጠዋት ይለካዋል፣ አሁን ጨልሟል።